አይገባውም ያልነው ተማሪ

(ቆቦ ላይ ለሙያ አሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ሰው ስሙ ብዙ ነው። ጅል፣ ቂል፣ ነካ ያደረገው ይባላል። ርኅራኄ ያለው ሰው ደግሞ «የዋህ ነው፣ ተዉት» ይላል። እኛ አሠልጣኞች የመጀመሪያዎቹን ስሞች ከአፋችን አናወጣም፤ ተምረናላ! «ተዉት» የምትለዋን ግን ስንላት ኖረናል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህች ቃል ነው።

በቆቦ ሜዳ የጉድጓድ ውኃ መስኖ ከገባ ወዲህ ሽንኩርት እንደ ማሽላው የታወቀ ሥራ ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜው ሃያ ገደማ የሆነ ወጣት ይህንኑ ሥራ ሊማር መጣ። ቃል ለማውጣት ይቸገራል፤ ቁጥርም አይቆጥርም። ሌሎቹ መደብ ሲያዘጋጁ፣ ችግኝ ሲያዛውሩ እሱ ውኃ ያመላልሳል። ማጭድ አናስይዘውም። «ራሱን ይቆርጣል» እንላለን። ይኸ ልጅ እኮ ቤቱ የማሽላ አገዳ በማጭድ ይቆርጣል! አልጠየቅንም።

ሥልጠናው ሲያበቃ ሌሎቹ ሥራ ያዙ። እናቱ መጡና «ልጆቼ፣ የኔው ልጅ ምን ተማረ?» አሉን።

«እማማ፣ ጠባዩ በጣም ጥሩ ነው» አልናቸው።

«ጠባዩንማ ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው» ብለውን ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የሚባል አሜሪካዊ መምህር፣ ሊማሩ አይችሉም የተባሉ ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን እንዲገጣጥሙ አስተማረ። ሥራውን በትንንሹ ይከፋፍላል፤ ብዙ ከመናገር በእጅ ያሳያል። ተማሪው ካልገባው ጉድለቱን በአስተማሪው በኩል ፈልጎ ሌላ መንገድ ይሞክራል።

እኛም ወጣቱን ከቤቱ ጠርተን በሽንኩርት ሞከርነው። ችግኝ ሲዛወር በችግኝና በችግኝ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ በመደዳና በመደዳ መካከል 20፣ ለቦዩ 40 ይተዋል። «አሥር ሳንቲ ሜትር» ብንለው ለሱ ባዶ ድምፅ ነው። በዚያው ልክ የተቆረጠች እንጨት ግን ቃል አትፈልግም። እንጨቷን ያጋድማል፤ ጫፏ ጋ መሬቱን ይወጋል፤ ችግኙን ያስገባል፤ አፈሩን በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ እንጨቷን ወደፊት ያስተላልፋል። የመጀመሪያዋ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀችብን። ከዚያ ደግሞ ሥሩን እያጠፈ አስቸገረ፤ ሥሩ ከታጠፈ ችግኙ ደህና አይይዝም። «በቃ፣ አልሆነም» ልንል ስንል ለካ የምንወጋበት እንጨት አጭር ኖሯል! ረዘም ያለ ሰጠነው። በሦስተኛው ሳምንት የሱ መደዳ ከኛ ይልቅ ቀጥ ያለ ሆነ። እኛ በዓይን ግምት ነዋ የምንተክለው።

ሁሉም እንዲህ ይሆናል አንልም። ከሱ በኋላ የመጣች አንዲት ልጅ አፈር መንካት ጨርሶ አልወደደችም፤ ወራት አባከንባት። ሽንኩርት መልቀምና ጆንያ መስፋት ይሻላት እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው፣ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አሠሪው ሥራውንና ሥልጠናውን የሚመች እንዲያደርግ፣ ረዳትም እንዲመድብ ያዛል። እኛ ግን ያችን እንጨት ስንቆርጥ ውለታ የዋልን መስሎን ኮርተን ነበር።

ወጣቱ ዛሬ በቀን ሂሳብ ሽንኩርት ይተክላል። መጀመሪያ ላይ ባለ ማሳው ገንዘቡን ለወንድሙ ይሰጥ ነበር። «ብር አያውቅም» ብለን እኛም ዝም አልን። አያችሁ፣ ያችው «ተዉት» በሌላ በር ገባች። አሁን የብር ኖቶችን በቀለማቸው እየለየ ነው፤ ሂሳቡንም በእጁ እንዲቀበል ተነጋግረናል። ወንድሙ አልተስማማም። የሚመጣው እሑድ ቤታቸው ሄደን፣ እናትየውም ባሉበት እንነጋገራለን።