ያጠኑት ለምን ይጠፋል?

(በማኅበራችን አዳራሽ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ማታ ማታ ልጆችን የምናስጠና እኛ፣ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው አስቀድመን ጥፋታችንን ለመናገር ነው። ባለፈው ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የምናዘጋጀው አንድ ልጅ ነበረን። ደብተሩን ሲያነብ እኩለ ሌሊት ይሆንበት ነበር፤ ያላሰመረበት መስመር የለም። ፈተናው ሲቃረብ ብንጠይቀው፣ «ገጹ ይታየኛል፤ የተጻፈው ነው የጠፋብኝ» አለን። እኛም «አላጠናህም ማለት ነው» ብለን ተቆጣነው። ከዚያ ማታ በኋላ አልተመለሰም። ቤቱ ሄደን ይቅርታ የጠየቅነው በጣም ዘግይተን ነው። አጥንቶ ነበር እኮ! የጎደለው የአጠናን ዘዴ ነው፤ እሱን ደግሞ ያላሳየነው እኛው ነን።

መርሳት የስንፍና ምልክት አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየሸመደደ ራሱን በራሱ ፈትኖ፣ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ በማግስቱ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ያህል ይጠፋበት ነበር። ነገር ግን በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 38 ጊዜ የተደገመው፣ በአንድ ቀን 68 ጊዜ የተደገመውን ያህል ረድቶታል። የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ምን ያህል ድካም እንደሚያባክን ከዚህ ይታያል።

ሌላም አለ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፊሎቹ ተማሪዎች ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን አስቀምጠው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ከመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 42፣ አስታውሰው የጻፉት 56። ታዲያ ልጅ ማታ «ያዝኩት» ሲል አልዋሸም፤ ለዚያች ማታ ይዞታል።

ይኼ ለአባቶቻችንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ይጨርሰዋል። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ አቡጊዳን ያመጣሉ፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ዜማው ሲሰበር ፊደሉን የለየውና ያልለየው ያኔ ይታወቃል። (ኩርኩሙ ግን ይቅርብን።)

ቅደም ተከተል ላለው ትምህርት ደግሞ የምናውቀውን መንገድ መጠቀም ይቻላል። ከልጆቹ ጋር የምግብ መፈጨትን በሠፈራችን ውስጥ እየሄድን አጠናን። የአዳራሹ በር አፍ ሆነ፤ ጠባቧ መተላለፊያ የምግብ ቧንቧ፤ ወፍጮ ቤቱ ጨጓራ፤ ጠመዝማዛው ቦይ ትንሹ አንጀት፤ ዋናው መንገድ ትልቁ አንጀት። በሳምንቱ ስንጠይቃቸው ቅደም ተከተሉን የሳተ አልነበረም። ሆኖም ትንሹ አንጀት ምን ይሠራል ስንላቸው፣ አንዷ ሕፃን «ውኃ ያወርዳል» አለችን! ቦዩን ማለቷ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ተራውን ያስይዛል እንጂ ትምህርቱን አይተካም፤ ምግቡ ወደ ደም የሚገባው እዚያ መሆኑን ለብቻው ማስረዳት ነበረብን።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? «እኛ ማንበብ አንችልም» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ሥራ እንዲያውም ለእናንተ የተመቸ ነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ «በል ደብተርህን ዝጋና የተማርከውን ንገረኝ» በሉት። ሲጠፋበት ቶሎ ክፈት አትበሉት፤ ትንሽ ይፈልገው። ከዚያ ከፍቶ የሳተውን ራሱ ያርም፤ ሳይታረም ከቀረ ስሕተቱን ነው የሚሸመድደው። ያንኑ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ጠይቁት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ አደራ፣ ረሳሁ ሲል «ደነዝ» አትበሉት፤ እኛ ያንን በሌላ ቃል ብለን ምን እንደደረሰ ነግረናችኋል።

ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ አዳራሹ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ማታ ክፍት ነው። ልጆች ደብተርና ባዶ ወረቀት ይዘው ይምጡ። ያ ልጅም እመጣለሁ ብሎናል፤ ትንንሾቹን ደብተር አስዘግቶ የሚጠይቀው እሱ ነው።