ሂሳቡን ማን ያውቀዋል?
በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ አሜሪካ ልቦለድና ስለ ገንዘብ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1925 የታተመው «ታላቁ ጋትስቢ» ነው። ከድህነት ተነስቶ የከበረ፣ ነገር ግን ያጣትን ፍቅረኛውን በሀብቱ መልሶ የራሱ ሊያደርጋት ያልቻለ ሰው ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ከዚያ በፊት ስለ ሴቶች የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትን ነው። የወንዱ ጥያቄ «እንዴት ልክበር?» ነው። የሴቶቹ ጥያቄ ግን «በእጄ ያለው ገንዘብ የማን ነው?» የሚል ነው።

የመጀመሪያው በ1900 የታተመው የቲዎዶር ድራይዘር «ሲስተር ካሪ» ነው። ካሪ የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ሥራ ፍለጋ ከትንሽ ከተማ ወደ ቺካጎ ትሄዳለች። በጫማ ፋብሪካ በሳምንት 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ትቀጠራለች። 4 ዶላሩን ለምግብና ለመኝታ ለእህቷ ቤት ትከፍላለች፤ የሚተርፋት 50 ሳንቲም ነው። ብርዱ ሲመጣ የሚሞቅ ልብስ የላትም። ትታመማለች፣ ሥራዋንም ታጣለች። በዚህ ጊዜ አንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ 20 ዶላር በእጇ ያስጨብጣታል። ብዙም ሳይቆይ ኑሮዋ በእርሱ እጅ ይሆናል። ኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ተዋናይ ሆና በሳምንት 150 ዶላር ብታገኝም፣ ብቻዋን ናት፤ ልቧም አላረፈም።

ሁለተኛው በ1905 የታተመው የኢዲት ዋርተን «ዘ ሀውስ ኦፍ ሚርዝ» ነው። ሊሊ ባርት ወላጆቿ የሞቱባት፣ በአክስቷ ቤት የምትኖር፣ ከኒው ዮርክ ሀብታሞች ጋር የምትውል ቆንጆ ልጅ ናት። ገንዘብ ሲያጥራት የጓደኛዋ ባል ያለቻትን ጥቂት ገንዘብ በአክሲዮን ገበያ ሊያሠራላት ይስማማል። ቼክ በቼክ ላይ ይመጣላታል። ትርፏ ይመስላታል፤ ሂሳቡን ግን አታውቀውም። በኋላ 9 ሺህ ዶላር ያህሉ ከሰውዬው ኪስ የወጣ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱም በምላሹ እርሷን ይፈልጋል። ስሟ ይጠፋል፣ ወዳጅ ይሸሻታል። አክስቷ ከሞተች በኋላ የደረሳት ውርስ 10 ሺህ ዶላር ነው። ገንዘቡ እጇ በገባበት ሌሊት ለዕዳው ቼክ ጻፈች። በዚያው ሌሊት ከመጠን በላይ የእንቅልፍ መድኃኒት ወስዳ ሞተች።

እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ገንዘብም አለ። ገርቲ የምትባል፣ ኑሮዋ መጠነኛ የሆነ የሊሊ ጓደኛ ለሠራተኛ ልጃገረዶች የተቋቋመ ክበብ ትረዳለች። ሊሊም በደህናው ጊዜዋ ለዚያ ሥራ ገንዘብ ሰጥታ ነበር። በእርሷ እርዳታ ኔቲ የምትባል የታመመች ልጅ ታክማ ዳነች። ሊሊ በመጨረሻው ምሽቷ ደክሟት መናፈሻ ውስጥ ተቀምጣ ያገኘቻት ይህችው ኔቲ ናት። ቤቷ ወስዳ ሙቅ ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠቻት፤ ሕፃን ልጇንም አሳቀፈቻት። ብድር በምድር ይሏል ይኼ ነው።

ሁለቱንም ገንዘብ እናነጻጽር። የሰውዬው ገንዘብ ውሉ ያልተነገረ ነበር፤ ሴቲቱን አሠራት። ለኔቲ የደረሰው ግን ለምን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ በምላሹም የተጠየቀችው ነገር አልነበረም።

እህቶቼ፣ በእኛም ዘንድ በስማችን የሚወሰድ፣ መጠኑን ግን ሌላ ሰው ብቻ የሚያውቀው ብድር አለ። ቁጠባችን ሲያድግ ደስ ይለናል። ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደተበደረ፣ መቼ እንደሚመለስ ግን እያንዳንዳችን መናገር መቻል አለብን። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በየወሩ ስብሰባ የሂሳብ መዝገቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማትችል እህታችንም በጆሮዋ ትስማ፣ ያልገባትን ትጠይቅ። ጥያቄዋ አለማመን ተደርጎ አይቆጠርባት።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ እናንተም የምትሰጡን ገንዘብ ለምን እንደሆነና ምን እንደሚጠበቅብን በግልጽ ንገሩን። እኛም የሠራንበትን በግልጽ እናሳያችኋለን።