የቅጣት ድምፅ፦ መራጭ ጉድለቱን እያወቀ ስለሚመርጠው መሪ

ብሪታንያውያን በሰኔ 2008 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጡና አሜሪካውያን በጥቅምት 2009 ዶናልድ ትራምፕን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረጡ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)፣ የፖለቲካ ምሁራንን እንደ አንድ ጥያቄ ያስጨነቀ ነገር ጥቂት ነው፤ ጥያቄውም የተማሩ፣ ልምድ ያካበቱና የመንግሥትን አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ ተፎካካሪዎች እያሉ፣ መራጩ ጉድለቱ አደባባይ የወጣን ሰው ለምን ይመርጣል የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ መራጩ አላወቀም፣ ተታሏል፣ በስሜት ተነድቷል የሚል ሲሆን፣ ይህ መልስ ግን አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለበት፦ የሚሰጡት በአብዛኛው በምርጫው የተሸነፉት ወገኖች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ለመነጋገር ሁለት ስያሜዎችን አስቀድሞ ማብራራት ይገባል። ልሂቃን የሚባሉት በሥልጣን፣ በዕውቀት ወይም በሀብት ከሌላው ልቀው በመገኘታቸው የሀገርን ጉዳይ የመወሰን ዕድል ያገኙ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሕዝበኝነት፣ ወይም በተለመደው አጠራሩ ፖፑሊዝም፣ ደግሞ ኅብረተሰቡን ንጹሕ በሆነ ሕዝብና በተበላሹ ልሂቃን መካከል ለሁለት ከፍሎ የሚያይ፣ መሪውንም የዚያ ሕዝብ ብቸኛ አፍ አድርጎ የሚያቀርብ የፖለቲካ ስልት ነው፤ የኔዘርላንዱ ምሁር ካስ ሙደ የሰጡት ትርጓሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሕዝበኝነት የራሱ የኢኮኖሚም ሆነ የማኅበራዊ ፖሊሲ ስለሌለው ቀኝም ግራም ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱ ያለው በሚያቀርበው መፍትሔ ሳይሆን በሚያመለክተው ጥፋተኛ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ማሳያ የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ በአዲስ አበባ ያስገኘው ውጤት ነው። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት አቶ አርከበ ዕቁባይ፣ ከ1995 ጀምሮ በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ጭምር ሊክዱት ያልቻሉት ሥራ ሠርተዋል፤ ቆመው የነበሩ የመንገድ ሥራዎች ተንቀሳቅሰዋል፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሯል፣ ሥራ አጥ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር ትንንሽ መሸጫዎች ተሰጥቷቸው ሕዝቡ ራሱ «የአርከበ ሱቅ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። በስሙ ሱቅ የተጠራለት ከንቲባ ይመረጣል ብሎ መገመት ተገቢ ነበር። ውጤቱ ሲታይ ግን በከተማዋ የነበሩትን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን ያገኘው ቅንጅት ለአንድነትና ለዲሞክራሲ ነበር። ከጦር ኃይሎች እስከ ኮተቤ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አቃቂ፣ በአዲሱ መንገድ የሚሄደውና በአርከበ ሱቅ የሚነግደው ሰው የገዢውን የኢሕአዴግን ምልክት ንብን ትቶ የቅንጅትን የሁለት ጣት ምልክት መርጧል።

ቅንጅት ራሱ ጉድለት የሌለበት ድርጅት አልነበረም፤ ጉድለቱም የተሰወረ አልነበረም። ከምርጫው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና የተባሉ አራት ድርጅቶች ተጣምረው የፈጠሩት ሲሆን፣ በመሪዎቹ መካከል የነበረው የአመለካከትና የጠባይ ልዩነት በየጋዜጣው ይነበብ ነበር፤ ከተማ የማስተዳደር ልምድም አልነበራቸውም። ሕዝበኛ ብሎ በደፈናው መጥራትም አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ዶክተር ብርሃኑ ነጋን፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን፣ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳንና ኢንጂነር ኃይሉ ሻውልን ያሰለፈ ስብስብ ከልሂቃን ጎራ እንጂ ከሌላ ሊመደብ አይችልም። ሆኖም ለዚህ ጥያቄ ዋናው ነገር የመሪዎቹ ዲግሪ ሳይሆን የመራጩ ስሌት ነው፤ «ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል» እየተባለ ባደገበት ከተማ መራጩ ተረቱን ገልብጦ፣ ሥራውን ያየውን አስተዳደር ትቶ ያልተፈተነውን መረጠ።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፣ መልሱ ከመንገዱና ከኮንዶሚኒየሙ ይልቅ በቴሌቪዥን ከተላለፉት ክርክሮች ይገኛል። ለዓመታት የመንግሥትን ቃል ብቻ ያሰማ የነበረው ጣቢያ ባለሥልጣናት በሕዝብ ፊት ሲጠየቁ፣ ሲሟገቱና አንዳንዴም መልስ ሲያጡ አሳየ፤ ተመልካቹን የማረከው ከተቃዋሚዎቹ የፖሊሲ ሰነድ በላይ ይህ ራሱ፣ የሚጠየቅ ባለሥልጣን ማየቱ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 በመስቀል አደባባይ የተሰበሰበውና «ሱናሚ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ሕዝብም የወጣው የቅንጅትን ፕሮግራም አጥንቶ ነው ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስልም። የወጣው መቁጠር የማይቻል ብዛት ሆኖ ለመታየት ነው።

ሕዝቡ እንዲህ መታየትን ለምን እንደፈለገ ለመረዳት ወደ ልሂቃኑ መመለስ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ልሂቃን ከሌሎች ሀገሮች ልሂቃን የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ሀገሮች ልሂቅነት የሚመጣው ከትውልድ ወይም ከሀብት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከአብዮቱ ወዲህ የመጡት ልሂቃን ግን ሥልጣናቸውን የመሠረቱት በዕውቀት ላይ ነው፤ ዕውቀቱም ለሕዝቡ የሚበጀውን ከሕዝቡ በላይ ማወቅ የሚል ነበር። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው የተማሪዎች ንቅናቄ ቅንነቱ አያጠያይቅም፤ ሆኖም በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ የሄዱት ለማስተማር እንጂ ለመማር አልነበረም። መኢሶንና ኢሕአፓ የተባሉት የግራ ፓርቲዎች በደም እስኪፈላለጉ ድረስ የተጣሉትም የሕዝቡ ትክክለኛ ጥቅም የትኛው እንደሆነ በማወቅ ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ ሕዝቡን ራሱን ለመጠየቅ ግን ሁለቱም ጊዜ አልነበራቸውም። ከ1983 በኋላ ገዢ የሆነው የኢሕአዴግ አብዮታዊ ዲሞክራሲም፣ ነቅቶ የተደራጀ አንድ ግንባር ብዙኃኑን ይመራል የሚለውን ሐሳብ ከዚያው ትውልድ ወርሶ አስቀጠለው።

ይህ ታላቅ ርዕዮት ወደ ተራው ሰው የሚደርሰው በመጽሐፍ ሳይሆን በቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አማካይነት የተቋቋመው ቀበሌ፣ ቤት አከራይ፣ መታወቂያ ሰጪ፣ ስኳርና ዘይት አዳይ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በኋላም ወረዳ ተብሎ ቅርጹ ቢቀየር ከነዋሪው ጋር ያለው ግንኙነት እምብዛም አልተቀየረም። ለጣሪያ እድሳት ፈቃድ የሄደች የቀበሌ ቤት ተከራይ በመስኮት በኩል የምትሰማው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» የሚል ነው፤ በማግስቱም ስብሰባው አያልቅም። ኃላፊው የሚሰበሰበው ስለ እርሷ ለመወያየት መሆኑ በመርሕ ደረጃ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ይህም ለመራጩ ነገሩን ያባብስበታል እንጂ አያቀልለትም። ሰው ዘይት ቢያጣ ይቸገራል፤ ለራሱ ጉዳይ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ይዋረዳል፣ ውርደት ደግሞ በመንገድና በድልድይ አይካካስም።

ስድብ የተሰዳቢውን ጉልበት እንዴት እንደሚያበረታ የኢትዮጵያ ታሪክ ምርጫ ከመታወቁ በፊት ያውቀዋል። ቋራ ላይ የሸፈተው ካሳ ኃይሉ በእቴጌ መነን ወገን መኳንንት ዘንድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድም ተሸንፎ በተማረከ ጊዜ ካሳ ኮሶ እንዳጠጣው ይተረካል። ትረካው እስከ ዛሬ የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የተናቀው ንቀቱን መልሶ ለናቂው ጋተው። በእርግጥ ያ ሰው በ1847 ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ ያወረደው የቁጣ በትር በመኳንንቱ ላይ ብቻ እንዳልቀረ፣ ቤጌምድርና ጎንደርም ጭምር እንደቀመሱት፣ ትረካውን የሚወዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

ዘመናዊ ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። ኦሊቨር ሃል፣ ሚንጄ ኪምና ኤዝራ ዙከርማን ሲቫን በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በምናባዊ ምርጫ ውስጥ ግልጽ ውሸት የሚናገርና የተከበረ ልማድን የሚጥስ ዕጩ ለተሳታፊዎች አቅርበው ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ሥልጣን ላይ ያለው ወገን እንደማይወክላቸው ባመኑበት ጊዜ፣ ውሸታሙን ዕጩ ውሸታም መሆኑን እያወቁ «እውነተኛ ሰው» ብለው ቆጠሩት። ምክንያቱም ዕጩው የልሂቃኑን ሥርዐት በአደባባይ ሲጥስ ከእነርሱ ጋር የሚታረቅበትን መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል፤ ጉድለቱ የታማኝነቱ መያዣ ይሆናል ማለት ነው። ጉድለቱን አጋልጦ ለማሸነፍ የሚደረገው ዘመቻ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

አፍሪካም የራሷ ማሳያዎች አሏት። መደበኛ ትምህርት ያላገኙትና በ1998 ከአስገድዶ መድፈር ክስ በነጻ የተሰናበቱት፣ የሙስና ክስም ያንዣብብባቸው የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ጄኮብ ዙማ፣ በታኅሣሥ 2000 በፖሎክዋኔ በተደረገው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ጉባኤ፣ የኢኮኖሚክስ ምሁሩን ታቦ ምቤኪን 2329 ለ1505 በሆነ ድምፅ አሸንፈዋል። ድምፅ ሰጪዎቹ የፓርቲ ጉባኤተኞች እንጂ መላው ሕዝብ ባይሆኑም፣ ከአንድ ጠንቃቃና ሩቅ ሰው ይልቅ የሚዘፍንና የሚጨፍር ሰው መምረጣቸው ከድህነት ፖሊሲ ክርክር በላይ የቅርበት ጉዳይ ነበር። በኬንያ ደግሞ ዊልያም ሩቶ በነሐሴ 2014 ያሸነፉት ራሳቸውን በመንገድ ዳር ዶሮ ሸጦ ያደገ ለፍቶ አዳሪ፣ ተፎካካሪያቸውን ራይላ ኦዲንጋንና የኦዲንጋ ደጋፊ የነበሩትን ኡሁሩ ኬንያታን ደግሞ የወራሽ ቤተሰብ ልጆች አድርገው በማቅረብ ነው። ሩቶ ለዐሥር ዓመት ያህል ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ባለጸጋ መሆናቸውን፣ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሰው ጉዳያቸው በ2008 የተቋረጠ መሆኑንም ያልሰማ ኬንያዊ አልነበረም፤ የፓርቲያቸው ምልክት የሆነው የእጅ ጋሪ ግን ከሁሉም በልጦ ታየ፣ 50.49 በመቶም አገኙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2016፣ አዲስ የግብር ረቂቅ ባቀረቡ ጊዜ ያው ለፍቶ አዳሪ ወጣት ፓርላማውን ጥሶ ገባ፣ ረቂቁም ተሰረዘ።

የቅጣት ድምፅ ዋና ድክመት ከዚህ ላይ ይታያል፤ ማንን እንደሚያወርድ ያውቃል፣ ያወጣው ሰው ምን እንዲሠራለት ግን አያዝም። በአዲስ አበባ የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ግጭት፣ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንደመዘገበው፣ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሲሞቱ፣ የቅንጅት መሪዎች በ1998 መባቻ ታስረው ከርመው በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተለቀቁ። ምክር ቤት እንግባ አንግባ በሚለው ጉዳይ ላይ ቀድሞ የተከፈለው ድርጅት ከእስር ማግስት ጨርሶ ተበታተነ፤ በክርክሮቹ ጊዜ ሕዝብ በጭብጨባ የተቀበላቸው አቶ ልደቱ አያሌውም ፓርላማ በመግባታቸው ብቻ በወራት ውስጥ የቁጣ ዒላማ ሆኑ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 137ቱን ወሰደ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ሳይለወጥ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ። ይህን የሕዝቡ አሳብ መገለባበጥ ነው ብሎ መተርጎም የዋህነት ይሆናል፤ ጠንካራው ተፎካካሪ ከሜዳው ከወጣ በኋላ የተገኘ ውጤት ነውና።

በ2010 በኢትዮጵያ የታየው የመሪ ለውጥ ደግሞ በመራጭ ድምፅ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የመጣ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ባደረጉት ንግግር መንግሥት ላደረሰው በደል ይቅርታ መጠየቃቸው፣ «እኛ እናውቅላችኋለን» ሲባል ለኖረ ሕዝብ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ በዚያው ዓመት በየአደባባዩ የታየው ድጋፍም ከፓርቲው መዋቅር ይልቅ ለመሪው በቀጥታ የተሰጠ ነበር። ይህን ሕዝበኝነት ብሎ መጥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው፣ በሰኔ 2013 ምርጫ የእርሳቸው ብልጽግና ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ሲያገኝ፣ ዋና ዋና የኦሮሚያ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከውድድሩ ውጪ እንደነበሩና በትግራይ ጦርነት ላይ የነበረ ሕዝብ ድምፅ እንዳልሰጠ ነው።

የቅጣት ድምፅ ከዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚጠራቀም የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ፦ በ2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምዕራባዊ መስመር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ከዚያ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴልና ወደ ዘነበወርቅ የሚሄደው መንገደኛ ወርዶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፤ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከቆሙ ወዲህ ደግሞ ሰልፉን ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም ይይዘዋል። ይህ ሰው ስለ መስመሩ መቋረጫ፣ ስለ ታክሲው ስምሪት ወይም ስለ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አቤት የሚልበት ቅርብ ተመራጭ የለውም። የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ በአዲስ አበባ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ሲሆን፣ ያንንም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ረግጠው ወጥተውበታል፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተላልፏል፣ በ2013ም የተመረጠው የከተማው ምክር ቤት እንጂ የወረዳው አይደለም። አንድን የወረዳ ኃላፊ በአንድ ትንሽ ድምፅ መቅጣት ያልቻለ መራጭ ቂሙን ሁሉ አጠራቅሞ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ወደሚከፈተው ትልቁ ኮሮጆ ይዞት ይሄዳል፣ እዚያም ሲደርስ የሚፈልገው የመስመሩን መለዋወጫ የሚገዛለትን ዕጩ ሳይሆን ይህን ቂም ጮክ ብሎ የሚናገርለትን ነው።