ኤስፕሬሶ በቤት፣ ቡናም ከወዳጅ ጋራ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት እናገርበት ዘንድ የመረጥሁት ጉዳይ ቡና ነው። የቡና ተክል ጥንተ መብቀያው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ስለ ሆነ፣ ስለ ቡና ለኢትዮጵያዊ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አሳቤ በጀበና ስለሚፈላው ቡና ብቻ አይደለም። ከኢጣልያ የመጣውን ኤስፕሬሶ በገዛ ቤታቸው እያዘጋጁ፣ እንደ እነርሱ ቡና ከሚወዱ ወዳጆቻቸው ጋራ ስለሚቀምሱ ሰዎች ጭምር ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአዲስ አበባም፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችንም መካከል ይገኛሉ።

የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ለችኮላ የተፈጠረ መሣሪያ ለእርጋታ በተሠራ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ማን ማንን ይገዛል? ማሽኑ ቤቱን ያስቸኩለዋልን? ወይስ ቤቱ ማሽኑን ያረጋጋዋል?

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ትውልድ እንመልከት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤስፕሬሶ የሚለው የኢጣልያንኛ ቃል ሦስት አሳብ በአንድነት ይዟል፤ ይኸውም መጭመቅ፣ ፍጥነት፣ ደግሞም ለጠያቂው ብቻ ተለይቶ መሠራት ነው። በ1884 በቶሪኖ ከተማ አንጀሎ ሞሪዮንዶ የተባለ ሰው በእንፋሎት ኃይል ቡና የሚያወርድ ማሽን በስሙ አስመዘገበ። የእርሱ ማሽን ግን ብዙ ቡና በአንድ ጊዜ የሚያፈላ ነበር። በ1901 የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ለእያንዳንዱ ጠጪ ስኒውን ለብቻው የሚሞላ ማሽን አወጣ፤ መብቱንም ዴዚዴሪዮ ፓቮኒ ገዝቶ ለገበያ አቀረበው። ያ ማሽን ቡናውን ያወርድ የነበረው በእንፋሎት ግፊት ስለ ሆነ፣ ኃይሉ ከአንድ ባር ተኩል ገደማ አያልፍም ነበር፤ ውኃውም ከመጠን በላይ ስለሚግል ቡናው የማረር ጣዕም ይይዝ ነበር። አንድ ባር ማለት በባሕር ጠረፍ ላይ አየር የሚጫነን ያህል ግፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ጉድለት ያቃናው አኪሌ ጋጃ ነው። በ1938 ያለ እንፋሎት የሚሠራውን ዘዴ አስመዘገበ፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1948 በእጀታና በሞላ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ አወጣ። ግፊቱ እስከ 9 ባር ገደማ ስለ ደረሰ፣ ዛሬ ክሬማ የምንለው ወርቅማ አረፋ በስኒው ላይ ታየ። በ1961 ደግሞ ፋኤማ የተባለው ኩባንያ ኢ61 በተባለው ማሽኑ የእጁን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠ። ለቤት የሚሆነውም መሣሪያ ከዚሁ ጎን ለጎን እያደገ መጣ። የአልፎንሶ ቢያሌቲ ባለ ስምንት ማዕዘን የምድጃ ማፍያ፣ ሞካ የሚባለው፣ በ1933 ተሠራ፤ የፓቮኒም ቤት ዩሮፒኮላ የተባለችውን ትንሽ ባለ እጀታ የቤት ማሽን በ1961 አወጣ።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ፋሽስት ኢጣልያ ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን ወርሮ ከቆየ በኋላ፣ ወራሪው ሲባረር የኤስፕሬሶው ልማድ ቀረ። በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ጠጪው ቆሞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፉት ብሎ፣ ወደ ሥራው የሚሄድበትን ሥርዓት ለአዲስ አበባ ሰው ካስለመዱት ቤቶች አንዱ ነው። ማኪያቶም፣ ትርጓሜው ነቁጥ ያረፈበት ማለት ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤት ሰው የዕለት ጓደኛ ሆነ።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ከጀበና ጋራ እናነጻጽረው። የጀበና ቡና ጥሬው ታጥቦ፣ በምጣድ ተቆልቶ፣ ጢሱ ለተቀመጡት ሁሉ ዞሮ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አተላው እስኪሰክን ተጠብቆ ይቀዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያም ጊዜ ውስጥ የጎረቤት ጠብ ይበርዳል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የልጅ ትምህርት ይመከራል። ኤስፕሬሶ ግን በ30 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ጀበና ለብዙ ሰው ተሠራ፤ ኤስፕሬሶ ለአንድ ሰው ተሠራ። ልዩነታቸው ከጣዕም ይልቅ በዚህ ነው። እንግዲያው ማሽኑን ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው፣ ባያስተውል፣ ቡናን ብቻ ሳይሆን ቆሞ ጠጥቶ የመሄድን ጠባይ አብሮ ያስገባል።

ሆኖም የማሽኑ ትምህርት ቀላል አይደለም፤ ጥቂቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያው ትምህርት ስለ ቁላት ነው። ቡና ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ አየር ይታመቃል። በጀበና ሲፈላ ይህ አየር በጀበናው አፍ እየወጣ ስለሚሄድ፣ አሁን የተቆላ ቡና አሁኑኑ ቢፈላ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ክብሩ ነው። በኤስፕሬሶ ግን ያ አየር በጠባቡ ማጣሪያ ውስጥ ውኃው እኩል እንዳያልፍ ያውከዋል። ስለዚህ ለማሽን የሚሆነውን ቡና ከተቆላ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ማሳረፍ ይገባል። አንዱ ትኩስነትን፣ ሌላው ትዕግሥትን ይፈልጋል ማለት ነው። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ ከተፈጨ በኋላ የሚዘገይ ቡና መዓዛውን ለአየር ገብሮ ይቀራል። የተፈጨ ቡና በወር ሂሳብ ገዝቶ በቆርቆሮ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ማሽኑ የቱን ያህል ውድ ቢሆን፣ የሚጠጣው የቡናን ጥላ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መፍጫ ነው። በሚሽከረከር ምላጭ የሚሠራው መፍጫ ይከትፋል እንጂ አይፈጭም፤ አንዱን አመድ፣ ሌላውን ክክ አድርጎ ይተወዋል። ጥርስ ባላቸው ሁለት ብረቶች መካከል እንደ ወፍጮ የሚፈጨው ግን እኩል ያወጣል። ገንዘቡ የተወሰነ ሰው፣ ይልቁንም በወር ደመወዝ የሚተዳደር፣ ከማሽኑ ዋጋ ቀንሶ በመፍጫው ላይ ቢያውል አይጸጸትም።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ልክ ነው። ብዙዎች የሚጀምሩበት ልክ 18 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 36 ግራም የተጨመቀ ቡና፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ጊዜ ነው። ከዚህ ፈጥኖ ከወረደ ኮምጣጣና ቀጭን ይሆናል፤ ለምን ቢሉ ከቡናው በመጀመሪያ የሚሟሟው ኮምጣጣው ክፍል ነውና ነው። እጅግ ከዘገየ ደግሞ መራራው በዝቶ ጣፋጩን ይሸፍነዋል። መድኃኒቱም ማሽን መለወጥ ሳይሆን፣ ፈጥኖ ሲወርድ አልሞ መፍጨት፣ ሲዘገይ አሻክሮ መፍጨት ነው።

በዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለኤስፕሬሶ የሚፈለገው ሙቀትም ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ አዋቂዎች ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ ብለው ሲጽፉ፣ ያ ምክር ለእኛ አይደለም። መብራት በጠፋ ጊዜ በከሰል ወይም በጋዝ ውኃ አፍልቶ፣ በእጅ ኃይል ብቻ በሚጫን ትንሽ መሣሪያ የሚያወጣ ሰው፣ ውኃውን እንደ ፈላ ወዲያውኑ ማፍሰስ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ይህ ሁሉ ልክና ሚዛን ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ብዙም አይጠቅመውም። የሰው ምላስ የለመደውን ስለሚወድ፣ በየዕለቱ ያረረ የሚጠጣ ሰው ማረሩን የቡና ተፈጥሮ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚያርመው የወዳጅ ምላስ ነው። ስለዚህ ቡና ወዳዶች በዕረፍት ቀን በአንዱ ቤት ይሰብሰቡ፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። አንዱ የሐረርን፣ ሌላው የይርጋ ጨፌን፣ ሦስተኛው የሊሙን ቡና ያምጣ። ባለቤቱ ስሙን ሳይናገር ይቅዳ፤ ሁሉም ያገኘውን ጣዕም ከተናገረ በኋላ ስሙ ይገለጥ። ከነገሌው የደረቀው የሐረር ቡና እንደ በሰለ የዱር ፍሬ፣ የታጠበው የይርጋ ጨፌ ቡና እንደ አበባና እንደ ሎሚ ሲሸት፣ ቡና ሁሉ አንድ ነው የሚለው አሳብ በዚያው ማዕድ ላይ ይፈርሳል።

የቡና ስባቱ መፋጀቱ ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ለጀበናው አቦል እውነት ነው። ነገር ግን ለቅምሻ የተቀመጠ ሰው ከስኒው ጥቂት አስቀርቶ ሲበርድ ደግሞ ይሞክረው። የሚፋጀው ሙቀት የሸፈነው ጣፋጭነትም ሆነ ጉድለት፣ ስኒው ለብ ሲል ይገለጣል። ስለዚህ መቀመጥና መጫወት ለቅምሻም ይጠቅማል፤ ችኩል ሰው ግማሹን ጣዕም ሳያገኘው ይሄዳልና።

ከዚህም ጋራ ሦስት ነገሮችን እንድትጠነቀቁ አሳስባለሁ። አንደኛው ትዕቢት ነው። እንግዳው ስኳር፣ ወይም ጨው፣ ወይም ቅቤ፣ ወይም ጤና አዳም ቢጠይቅ፣ ቡና አታውቅም ብሎ ፊትን ማጥቆር ነውር ነው። እርሱ የለመደው ሥርዓት ከማሽኑ ይልቅ ሽማግሌ ነው። በጾም ቀን የመጣውንም በወተት አታስቸግሩት፤ ጥሩ ኤስፕሬሶ ያለ ወተት መቆም ይችላል። ወተት ለሚጠጣውም ከ65 ዲግሪ ገደማ በላይ አታግሉት፤ ከዚያ ካለፈ የተቀቀለ ጣዕም እየያዘ ይሄዳልና።

ሁለተኛው የቤት እመቤቲቱ ድካም ነው። በብዙ ቤት ቡና የምታፈላው ሚስት ወይም ልጅ ናት፤ የሚጫወቱት ሌሎች፣ ከጢሱ ጋራ የምትታገለው እርሷ ናት። የማሽን ፍቅር ያደረበት ባል፣ ለወዳጆቹ ኤስፕሬሶ አውጥቶ ሲመሰገን፣ የስኒውን ማጠብና የፈሰሰውን ቡና መጥረግ ለእርሷ ቢተው፣ ሥልጣኔው በድካሟ ላይ ድካም ከመጨመር በቀር ምን ጠቀማት? ማሽኑን የሚያዝ እጅ ስኒውንም ይጠብ፤ እርሷም በዚያ ሰዓት ከቀማሾቹ መካከል ትቀመጥ።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ በር ለበር እየኖርን ስም ለስም የማንተዋወቅ ብዙዎች ነን። ቡና ጠጡ የሚለው ጥሪ ከጠፋ፣ በሩን የሚያስከፍት ሌላ ጥሪ በቀላሉ አይገኝም። የቡና ወዳዶች ማኅበርም ሚዛንና መፍጫ ላላቸው ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ሕንፃ ላይ አንድ ሌላ የተዘጋ በር ይጨምራል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስኒ በላይ አያወጣም፤ የመጨረሻው እንግዳ ሲቀዳለት የመጀመሪያው ጨርሶ ተነሥቶ ይሆናል። ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ አቦሉ በማሽን ቢሆን፣ ቶናውና በረካው በጀበና ይሁን። በማሽኑ ምላሳችንን እናስተምር፤ በጀበናው ሰው እንሁን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የተባለው ለእንጀራ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም ከስኒው በስተኋላ ያለውን ሰው አንርሳ። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠበቃል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና የሚወጣው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ከሚመዝን ቀይ እሸት ገደማ ነው፤ ያም በእጅ ተለቅሞ ነው። ይህ ሁሉ ድካም የሚከብረው ወይም የሚዋረደው በመጨረሻው እጅ፣ ማለትም በእኛ እጅ ነው። አራት ዓመት የተጠበቀውን በአራት ደቂቃ ቸልታ ማሳረር ከስስት የከፋ ብክነት ነው። ካገራችን ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን፤ እንግዲያው መልካሙን ከመጥፎው ለይቶ የሚያውቅ፣ ለመልካሙም ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ጠጪ በገዛ አገሩ ቢገኝ፣ ገበሬው የባዕድን ምላስ ብቻ ደጅ ከመጥናት ይድናል። ለእንዲህ ያለው ጠጪ ትምህርት ቤቱ የወዳጆች ማዕድ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ማሽኑ ባለቤት የሌለው ቤት ካገኘ ያስቸኩለዋል፤ ሥርዓት ያለው ቤት ካገኘ ግን እርሱም እንደ ረከቦቱ ከዕቃዎች አንዱ ሆኖ ይቀመጣል። የፊታችን እሑድ ማሽን ያላችሁ ማሽናችሁን፣ ጀበና ያላችሁ ጀበናችሁን አዘጋጁና የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።