ቦታውና ውሃው

መምህርና ነርስ በደመወዛቸው ቤት ለመሥራት ተስፋ የሚያደርጉት ቦታው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ሲገኝ ነው። የ1967ቱ አዋጅ የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገው ወዲህ ሰጪው ከተማ አስተዳደሩ ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ዋናውን መንገድ ጨረታ ቢያደርገውም፣ መንግሥት ለፈቀዳቸው የራስ አገዝ ቤቶች ግን ምደባ እንዲቀጥል ፈቅዷል። በተግባር ሠራተኞች በማኅበር ይደራጃሉ፣ በዝግ ሂሳብ ይቆጥባሉ፣ ቦታው ሲሸነሸን ዕጣ ያወጣሉ።

ውሃ ግን በዕጣ አይወጣም። ጎንደርን ለዓመታት ያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከዙሪያው ተዳፋት እየታጠበ በሚወርድ አፈር ውሃ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። ስለዚህ የከተማው ቧንቧ ዕድሜ ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በገበሬው እርከንና በግጦሹ ይወሰናል። በመገጭ ወንዝ ላይ የተጀመረው ግድብም ለመስኖና ለጎንደር የመጠጥ ውሃ የታሰበ ነው።

የጭልጋዋ ከተማ አይከል ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ በጭልጋ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ ጣና፣ ከፊሉ በጓንግ ወንዝ በኩል ወደ አትባራ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ከተማ ቦታ የሚሸነሽነው ማዘጋጃ ቤት፣ መስመር የሚዘረጋው የውሃ አገልግሎት ነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ ዕጣ ከወጣ፣ ቤቱ አልቆም ውሃው በጀሪካን በአህያ ይጫናል።