ባለ ቱርቦዋ ትንሿ ዶጅ
እንደ ፈረንጆቹ በ1985 የአሜሪካዊው መኪና ሠሪ የካሮል ሼልቢ እጅ ያለባት ዶጅ ኦምኒ ጂኤልኤች ቱርቦ ተገጠመላት። ባለ 2.2 ሊትር ሞተሯ 146 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ለዚያ ዘመን ርካሽ የቤት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቱርቦው የሚዞረው ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው፤ ሲዞርም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ስለዚህ ነዳጅ ሲረግጡ ጭሱ እስኪበረታ መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ከዚያ በአንዴ ትፈተለካለች። የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ስለሆኑ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል፤ በሁለት እጅ ጨብጡት።

ልትገዙ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ማርሚታውን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለችውን በርካሽም አልገዛም። ፈጥናችሁ ከነዳችሁ በኋላም ወዲያው አታጥፉ፤ ትንሽ በሚኒሞ ይሥራ። በጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት አርሮ መተላለፊያውን ይደፍናል።