ከጎርፉ በኋላ፦ አደጋ በሰው አእምሮ ላይ ስለሚተወው ቁስል



ከሞት አፋፍ ተርፎ ወደ ሕክምና የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚታይለት የተሰበረው አጥንቱና የቆሰለው ገላው ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን አጥንቱ ከተጠገነና ቁስሉ ከሻረ በኋላ ሌሊት እየባነነ የሚነሣ፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ ሸሽቶ በዙሪያ የሚሄድ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚበረግግ፣ ከወገኖቹ መካከል ተቀምጦ እንደ ባዕድ የሚሆን ሰው ያላጋጠመው ባለሙያ አይገኝም። ሕዝቡ ይህን ሁሉ «ድንጋጤ» በሚለው አንድ ቃል ሲያጠቃልለው ኖሯል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሦስተኛው የሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መደበው። ከዚያ በፊትም ነገሩ የተሰወረ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1915፣ በመድፍ ናዳ ውስጥ ያለፉ ወታደሮች ማየትና ማስታወስ እንደ ተሳናቸው ጽፎ ነበር። ይሁንና በዚያ ዘመን ብዙዎች ይህን ሕመም ከፈሪነት ለይተው አላዩትም።

አንድ ነገር አስቀድሞ መጥራት አለበት። አደጋ የደረሰበት ሁሉ አይታመምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከመቶ ሰው 70 ያህሉ በዕድሜው ዘመን እጅግ አስደንጋጭ ነገር ያጋጥመዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሕመሙ የሚጸናባቸው ግን 5.6 ከመቶ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ ማልቀስ ወይም ጭራሽ ማልቀስ አለመቻል የጤናማ አእምሮ ምላሽ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሐኪሞችም ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ካልቆየ ሕመሙን በስሙ አይጠሩትም። እንግዲህ ጥያቄው አንዱ ሲያገግም ሌላው ለምን ታሞ ይቀራል የሚል ነው። የተለመደው መልስ «ልቡ ደካማ ስለ ሆነ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ከተለመዱት መልሶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የጎዳ የለም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1972 ቅዳሜ ጠዋት፣ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቡፋሎ ክሪክ በተባለ ጠባብ ሸለቆ ራስጌ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ የተሠራ ግድብ ፈረሰ። 500 ሚሊዮን ሊትር የሚያህል ጥቁር ውኃ በሸለቆው ውስጥ የተደረደሩትን 16 የማዕድን ሠራተኞች መንደሮች እየጠረገ ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ ከ5,000 ያህል ነዋሪዎች 4,000 የሚሆኑት ቤት አልባ ሆኑ።

ውኃው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አለፈ፤ የሰዎቹ ጉዳት ግን ከዚያ በኋላ ተራዘመ። መንግሥት ለተረፉት ተጎታች ቤቶች አቀረበ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ሆኖም ቤቶቹ የታደሉት የቀድሞው ጉርብትና ሳይጠበቅ በመሆኑ፣ አጥር ለአጥር እየተጠራራ የኖረው ሰው ማንነቱን ከማያውቀው ጎረቤት አጠገብ ዐረፈ። እሳት የሚጫጫሩበት፣ ልጅ የሚያስጠብቁበት፣ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት ሰው ጠፋ። ሸለቆውን ያጠናው የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ ካይ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ በዚያ የደረሰው ቁስል ሁለት ነው አለ፤ አንደኛው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው የመታው ነው፤ ሁለተኛው ሰውን ከሰው ያያይዝ የነበረውን ክር የበጠሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራው ይህ ሁለተኛው ነው። ታማሚው እንኳ አደጋው መሆኑን ሳያውቀው ይኖራል።

ሌላም ነገር ነበረ። የኩባንያው ወገን አደጋውን የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። ሃይማኖተኞች የነበሩት የሸለቆው ሰዎች ከጎርፉ ባልተናነሰ በዚህ ቃል ቆሰሉ፤ ዝቃጩን የከመረው ሰው መሆኑን በዓይናቸው አይተዋልና። ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ክስ መሥርተው በ1974 በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ በስምምነት ተዘጋ፤ በክሱ ውስጥ የአእምሮ ጉዳት እንደ ማንኛውም ጉዳት ተቆጥሮ መቅረቡ ለሙያው ትልቅ ነገር ነበር። ያም ሆኖ ከ14 ዓመት በኋላ ከተመረመሩት ተራፊዎች አንድ አራተኛው ያህል ገና በዚያው ሕመም ውስጥ ነበሩ።

ይህ የአንድ ሸለቆ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ክሪስ ብሩዊንና ባልደረቦቹ 77 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የልጅነት ችግርና በቤተሰብ የነበረ የአእምሮ ሕመም እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ እንዳለው፣ ነገር ግን የአደጋው ክብደት፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ደጋፊ ማጣትና በላዩ ላይ የሚደራረበው የኑሮ ጭንቀት የበለጠ እንደሚከብዱ አገኙ። ከዚህ ጋር ሰው በሰው ላይ ሆን ብሎ የሚያደርሰው ግፍ፣ በተለይም መደፈር፣ ከተፈጥሮ አደጋ ይልቅ ሥር የሚሰድ ቁስል መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በዚህ ዐይን ሲታይ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ አዲስ ትርጉም ያገኛል። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። የተረፉት እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ የብዙዎቹ ዘመዶች ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ እስከ ሜይ 1991 ድረስ አልተገናኙም። ይህ ሳያንስ በ1985 የአይሁድነታቸው ጥያቄ ተነሥቶ በኢየሩሳሌም አደባባይ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። የእነዚህን ሰዎች ሕመም የሚመረምር ሐኪም በረሀውን ብቻ ጠይቆ ቢተው ግማሹን ታሪክ አልሰማም ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሕክምናው ምን ይሁን የሚለው ነው። በአንድ ወቅት አደጋ የደረሰበትን ሰው በቀናት ውስጥ አስቀምጦ ሁሉን ነገር እንዲተርክ ማድረግ እንደ ክትባት ይቆጠር ነበር። በብሪታንያ በተቃጠሉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ግን ከ13 ወራት በኋላ እንዲተርኩ ከተደረጉት 26 ከመቶ፣ ካልተደረጉት 9 ከመቶ ታመው መገኘታቸውን ገለጸ። የመጀመሪያዎቹ ቃጠሎ ከመነሻው የከፋ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም፤ ቢሆንም በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ጥቅሙን ሊያሳዩ አልቻሉም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አሠራሩን አይመክርም። በመጀመሪያው ወር ለማስተኛት ሲባል ዲያዜፓምና መሰሎቹን ማዘዝንም ድርጅቱ በ2013 መመሪያው ተቃውሟል። ሕመሙ ለጸናበት ግን አደጋውን ለይቶ የሚመለከት፣ በሠለጠነ ሰው የሚመራ የንግግር ሕክምና አለ፤ ይሠራልም።

የለቅሶ ቤት ሥርዐት ይህን ሳይማር ያወቀው ይመስላል። ለቀስተኛ ገብቶ «ንገረኝ» አይልም፤ ይቀመጣል፤ ኢድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እህልና ውኃ ያቀርባል፤ ሐዘንተኛው ሲፈልግ ይናገራል። ነገር ግን ይህ ሥርዐት የሚደርሰው ሬሳ ወጥቶ ለታየለት ሰው ነው። የተደፈረች ልጅ ድንኳን አይተከልላትም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ የደላላ ብድር ያልተከፈለላት፣ ባዶ እጇን የገባች፣ በሰው ቤት የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ መንገር ያፈረች ሴት ማን ለቅሶ ይደርሳታል? የቡፋሎ ክሪክ ሰው ጎረቤቱን በጎርፍ አጣ፤ እርሷ ጎረቤቶቿ መካከል ተቀምጣ አጥታቸዋለች።

እንዲህ ያለች ሴት ለራስ ምታት ወይም ለጨጓራ መድኃኒት ብላ ስትመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ታሪኳን ማስወጣት አያስፈልግም። በር ዘግቶ፣ ያመጣትን ሕመም መርምሮ፣ ከማን ጋር እንደምታድር፣ ዕዳው በማን ስም እንዳለ፣ ከቤተሰቡ የምታምነው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይበቃል፤ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ካላት ግን በዚያው ቀን መጠየቅ ግዴታ ነው። ከዚያም ከአንድ ወር በኋላ ለሚውል ቀን ቀጠሮ በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ቀርታም እንደሆነ የምታምነው ሰው እንዲጠራት፣ ፈቃዷ ተጠይቆ፣ ስሙ ከቀጠሮው ጎን ይያዛል።